የጋሼ ካኪ

ልጄ ከዘመተ ወዲህ፣ የሚሰበስባቸውን ስንዝር ተኩል አሻንጉሊት ወታደሮች አቧራ የማራግፈው እኔ ነኝ። የካኪያቸው ሽታ ልጅ ሆኜ ወዳደግኩበት አሰላ ይወስደኛል።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በንጉሡ ጊዜ ኦጋዴን ሲዘምት፣ አሮጌ ሱሪውን ቀድጄ ለእንጨት ወታደሬ ልብስ ሰፋሁለት፤ ኪሱ፣ ቀበቶው፣ ቁልፉ ሳይቀር። እማዬ አየችና ጮኸች።

«አንቺ ሟርተኛ! ባለቤቱ በሌለበት ልብሱ የሚወጣው ለለቅሶ ነው!»

«ለለቅሶ የሚወጣው ባዶውን ነው። የኔ ውስጡ ሰው አለ!»

ለጥፊ ያነሣችው እጇ ቀስ ብሎ ወረደ።

«እንግዲያው እንዳታስተኚው» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ጎረቤቴ «ኧረ እነዚህን ሣጥን ውስጥ ክተቻቸው፤ ደግ አይደለም» አለችኝ። ፈራሁ። ግን እምቢ አልኳት። አንዱ ወድቆ ነበር፤ አነሣሁና አቆምኩት።