ለእትዬ አስካለ የጻፍኳቸው ሁለት የጥሪ ወረቀቶች

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ዓርብ ቀን ቅቤ መብላቴን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ቅዳሴ ላይ ማንኮራፋቴን በየዓመቱ እየዘረዘርኩ ይህችን አንዷን ሁልጊዜ ዘልያታለሁ። ሚስቴም አታውቅም። እኔን ሰው የሚያውቀኝ በቀልዴ ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቼ ሬሳውን ጭምር ታስቃለህ ይሉኛል። ግን አንድ ሐዘንተኛ እናት አሉ። ያስለቀስኳቸው እኔ፣ የሚያመሰግኑትም እኔን። ስጨርስ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

በደርግ ጊዜ ከዲክሲስ ወጣ ብላ ባለች የገበያ መንደር የስልክ ሠራተኛ ነበርኩ። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ እጀታው የሚዘወር ጥቁር ስልክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና እኔ። እጀታውን ሳዞር የጭላሎ ተራራ አብሮኝ የሚዞር ይመስለኝ ነበር። ገበሬው ሲያወራ ደግሞ ከመጮኹ የተነሣ ሽቦው ቢበጠስም አሰላ መስማቷ አይቀርም።

ስልኩ የገባው በገበሬው ትከሻ ነው። ባሕር ዛፉን ቆርጦ፣ ተሸክሞ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ ምሰሶ ያቆመው እሱ ነው። ሽቦው ተዘርግቶ ሲያበቃ ግን የአንድ ንግግር ሒሳብ ለአንድ ቤት የማይቀመስ ሆነ። ሰው ይመጣል፣ ስልኩን ያያል፣ ዋጋውን ይጠይቃል፣ «በርታ» ብሎኝ ይሄዳል። ከአሰላ የመጣው አለቃዬም ጣቢያው በስድስት ወር ውስጥ ወጪውን ካልሸፈነ ስልኩ ተነቅሎ ወደ ኦጎልቾ በኩል እንደሚሄድ ነገረኝ። የምኖረው ከየጥሪው በምትደርሰኝ ድርሻ ነበርና እኔም አብሬ ተነቃይ ነበርኩ።

ነገሩ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቀረበ። ሊቀመንበሩ ኦቦ ቱፋ መላ ያለው ይናገር ሲሉ እጃቸውን ያወጡት እትዬ አስካለ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ደረጀ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደባቸው፣ ብቻቸውን ገብስ የሚያመርቱ ሴት። ስልኩ ለአንድ ቤት ከከበደ እንደ ዕድር እንያዘው አሉ። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያዋጣ፤ በገበያ ቀን አንድ ሰው ለሁሉም ይደውልና የአሰላን የእህል ዋጋ ይጠይቅ፤ ልጁ የራቀበት፣ ሰው የታመመበት ደግሞ በተራው ያውራ።

እኔ ምን አልኩ? ተነሥቼ ቀለድኩ። ስልክ እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ ሊያዝለት ነው ወይ፣ ከዚያም ለስልኩ ንፍሮ ይቀቀልለታል አልኩ። ብዙዎች ሳቁ። እትዬ አስካለ ቁጭ ሳይሉ ጠበቁኝና፣

«ምሰሶውን የተሸከምነው ተጋግዘን ነው። አንተ ምኑን ተሸከምክ ወንድሜ? ወንበሩን?» አሉኝ።

ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። በቀልዴ ሰው ሲስቅ ደስ ይለኛል። በእኔ ሲስቅ ግን ምን ያህል ትንሽ ሰው እንደሆንኩ ያን ቀን አወቅሁ። አውቄ ምን አደረግሁ? ይባስ አነስኩ።

ስልክ ለሌለው ሰው ከሩቅ ሲደወል ስሙን፣ ማን እንደፈለገውና የሚመጣበትን ሰዓት በጥሪ ወረቀት ጽፌ በገበያተኛ እልክ ነበር። እኔ፣ ይህ ቀልደኛው እኔ፣ ማንም ያልደወለላቸውን ሰዎች መጥራት ጀመርኩ። ሰው ሥራውን ጥሎ ሲመጣ «ምን ዋጋ አለው፣ መስመሩ አሁን ተቆረጠ፤ መልሰን እንሞክር?» እለዋለሁ። ሙከራውም ይከፈልበታል፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ አይሆንም የሚል ማን ነው? ጣቢያው አተረፈ። አለቃዬ በስልክ «በርታ ጓድ» አለኝ። እኔም በረታሁ።

እትዬ አስካለን ሁለት ጊዜ ጠራኋቸው። «ከልጅዎ ከደረጀ፣ ከናዝሬት» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከመማሪያው መጽሐፍ ውጭ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት ጽሑፍ የእኔ ውሸት ነው። የክት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጭቃውን ሁለት ሰዓት በእግራቸው አቋርጠው መጡ። ለስልክ ነጠላ መቀየራቸው አሳቀኝ። ናዝሬት ደወልኩ፤ የናዝሬቷ ኦፕሬተር «ማን ደረጀ?» አለችኝ። ከፍለው ሄዱ። በሁለተኛው ወረቀት እየሮጡ ነው የደረሱት፤ ትንፋሻቸው አልወጣ ብሏል። «ዘገዩ» አልኳቸው። ለእሳቸው፣ እኔ፣ «ዘገዩ» አልኳቸው!

አመኑኝ። ጥፋቱን በእግራቸው አላከኩት። ከዚያ በኋላ የደረሰ ገብሳቸውን ጥለው በየቀኑ እኔ ዘንድ አግዳሚው ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ ሰብሉን ጎረቤት በደቦ አጨደላቸው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላሉ። የእሳቸው አለመሆኑን ስነግራቸው መልሰው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም። እሳቸው ባሉበት ቀልድ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ላባርራቸው ፈለግሁ። የአሰላ መስመር ይሻላል፣ ልጅዎ እዚያ ሳይደውል አይቀርም አልኳቸው። ቋጠሯቸውን ይዘው አሰላ ስልክ ቤት ሄደው ተቀመጡ።

እሳቸው በሄዱ በአራተኛው ቀን ደረጀ በጣቢያው በር ላይ ቆመ። በወታደር ልብስ፣ ከስቶ፣ ግን በሕይወት። የሦስት ቀን ፈቃድ አግኝቶ ቤቱ ቢደርስ በሩ ተቆልፏል፤ ጎረቤት የስልኩን ሰው ጠይቅ ብሎታል።

«ጋሼ፣ እናቴ የት ሄደች?» አለኝ። «ስልክ ደወልክላት ይሉኛል። እኔ ስልክ ከየት አመጣለሁ? በሕይወቴ ጨብጬው አላውቅም።»

እጀታውን ያዝኩ። አንዴ ማዞር ነበር የሚበቃው። አሰላ ብዬ፣ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሴት አቅርቡልኝ ማለት ብቻ። እናትና ልጅ ይገናኙ ነበር። ግን ሲገናኙ ስለ ወረቀቶቹ ይነጋገራሉ፤ ወረቀቶቹ ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈቴ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ «አሻጥር» የምትል አንዲት ቃል ሰውን እስር ቤት ለማስገባት ትበቃ ነበር። እጀታውን ለቀቅሁት።

«አቦምሳ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደዋል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይመለሳሉ» አልኩት። «ለማንም አልደወልኩም አትበል፤ እናትህ የሚጽናኑት በዚያ ጥሪ ነው» ብዬም ቃል አስገባሁት።

ይህም አልበቃኝም። እናትህ ከዚህ ስልክ ጋር ሊጋቡ ምንም አልቀራቸው ብዬ አሳቅሁት። ልጁ ከልቡ ሳቀ። ልጁን ከእናቱ ነጥቄ ሳቁን ለራሴ ወሰድኩ።

ጎረቤት ቤት እያደረ ጠበቃቸው። በሦስተኛው ቀን የወታደር መኪና ከዲክሲስ ይዞት ወረደ። መንገዱ በአሰላ ነው፤ በስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ያልፋል። እትዬ አስካለ ውስጥ ነበሩ፤ ፊታቸው ወደ ስልኩ፣ ጀርባቸው ወደ መንገዱ። ተመልሰው ልጃቸው መጥቶ መሄዱን ሲሰሙ፣ አቦምሳ የሄዱ መስሎኝ ነው አልኳቸው፤ ይህንንም አመኑኝ። ጦርነቱ ሲያበቃ የሌሎች ልጆች ተመለሱ። ደረጀ አልተመለሰም።

ጣቢያውስ? ሰው ለሚቆረጥ መስመር መመላለስ ሲሰለቸው ትርፌም ደረቀ። ያተረፈው የእትዬ አስካለ ሐሳብ ነው። ኦቦ ቱፋ መዋጮውን አስጀመሩ፤ በገበያ ቀን አንድ ሰው ይደውላል፣ የገብስ ዋጋ ሲነገር ገበያው በሙሉ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ይለጥፋል። ስልኩ ሳይነቀል ዓመታት ኖረ። የእኔ ብልጠት ለአንድ ሰባራ ምሰሶ እንኳ አልጠቀመም።

እትዬ አስካለ ዛሬ አርጅተዋል። በየዓመቱ ጭኮ ይልኩልኛል፤ የገብሱ ዱቄት በቅቤ የራሰ። እበላዋለሁ። ሁለቱን ወረቀቶች ሳጥናቸው ውስጥ አስቀምጠዋል። «ሁለት ጊዜ ፈልጎኛል፤ አልረሳኝም። እግሬ ነው የዘገየው» ይላሉ።

አትንገራቸው፣ ሁለቷ ጥሪ ትቅርላቸው የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔም ለራሴ ይህንኑ ስለው ኖሬያለሁ፤ ዝምታዬንም ርኅራኄ ብዬ ጠራሁት። ውሸት ነው። ያን ቀን እጀታውን ያስለቀቀኝ ያው ፍርሃት ነው፤ አርጅቶ ስሙን ቀየረ እንጂ።

ስለዚህ ይህን በትልልቅ ፊደል ገልብጬ፣ በገበያተኛ ሳልልክ፣ ራሴ እወስድላቸዋለሁ። የሚያነቡት በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው ነው። ጨርሰው ቀና እስኪሉ ፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ፤ አልቀልድም። ይቅርታ የሚል ቃል አልጻፍኩበትም፤ ያን ጠይቄ ደግሞ ሌላ ሸክም አልጭንባቸውም። ከሁሉ በላይ የምጨምረው የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦ «እትዬ፣ እግርዎ አልዘገየም።»