የዘይቱ ምርቃት

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ፣ የቆመ ባጃጅ ሥር አንዲት የዘይት ጠብታ አየሁና ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካኋት። ባለባጃጁ «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? እኔ ዘይት ሲፈስ ካየሁ እግሬ አይቆምም፤ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አላልፍም። ይሄ አመል የያዘኝ በልጅነቴ ነው፤ ሃያ ዓመትን ልጅነት ካልከው።

ያኔ አባቴ የግንድ መሰንጠቂያ ማሽን ነበረው። ሁለት ጎማ ያለው፣ ከፒክአፕ ኋላ እየተጎተተ ከዳንግላ እስከ ዘንገና ባሕር ዛፍ የቆረጠ ሰው ደጅ ሁሉ የሚሄድ። ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ብረቱን ይገፋዋል፣ ብረቱ ግንዱን እንደ ዳቦ ይከፍለዋል። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጬ ስለነበር፣ ማሽኑን ልያዘው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት መሰለህ። «የሴት ልጅ ሥራ ነው?» እያለ ከርሞ በመጨረሻ እሺ አለ። «አንድ ነገር ካበላሸሽ ግን ወደ ቤትሽ» አለኝ። የምሩን ነበር።

ጠዋት ጠዋት ዘይት የምሞላው እኔ ነበርኩ። አባቴ ዕድሜውን እህል ሲሰፍር የኖረ ነጋዴ ነው፤ በስፍሩ ላይ ምርቃት ሳይጨምር ሸማች ሸኝቶ አያውቅም። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ዘይቱን ታንከሩ ላይ ከተሰመረው ምልክት አሳልፌ፣ እስከ ታንከሩ አፍ ሞልቼ፣ ደግሞ ትንሽ እመርቅበታለሁ። ምልክቱ ለቆጣቢ ሰው የተደረገ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ታንከሩ ማፍሰስ ጀመረ። ከሥሩ፣ ከብየዳው መስመር ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ያንን ቦታ ቀደም ሲል የበየዱት የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ አብረው ያደጉ፣ ወንድሜን ክርስትና ያነሱ። ከዳንግላ መጡ፣ ዘይቱን አንጠፍጥፈው እንደገና በየዱት። ፈሰሰ። በሦስተኛው ታንከሩን አየር ሞልተው ብየዳውን የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አንድም ቦታ አልተነፈሰም። ዘይት ሞላሁበት፣ ማሽኑ አንድ ሰዓት እንደሠራ ያው ፈሰሰ።

«ብየዳው ደህና ነው» አሉ። «ዘይት ከላይ ነው ወደ ታች የሚወርደው። ላዩን እዩት።»

አባቴ አልሰማም። ግንድ ሊያሰነጥቅ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እያየ፣ «አንተ ሰው፣ ዓይንህ ደክሟል፤ ይብቃህ» አላቸው። ሁለቱ ሁልጊዜ በአገውኛ ነበር የሚቀላለዱት፤ ያን ቀን አባቴ በአማርኛ ተናገረ። በያጁ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ዕቃቸውን ይዘው ወደ አስፋልቱ ወጡ።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። በማግስቱ ታንከሩን በጨርቅ አድርቄ ዙሪያውን ዱቄት ነሰነስኩበት። ሞተሩን አስነስቼ ዞርኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ደግሞ ዞርኩ። የሞቀ ዘይትና የትኩስ ባሕር ዛፍ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በብየዳው ላይ ያለው ዱቄት ነጭ እንደሆነ፣ ከላይ ታንከሩ አየር ከሚተነፍስበት ክዳን ሥር ቀጭን እርጥብ መስመር ብቅ አለ። በታንከሩ ጀርባ ወረደ፣ ብየዳው ጋ ሲደርስ መስመሩን ይዞ ሄደና ጠብ አለ። ለካ ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። የሚያብጥበትን ቦታ የነሳሁት እኔ ነኝ፤ የፈሰሰው የእኔ ምርቃት ነው።

ለአባቴ ልነግረው ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሁለቱንም ጊዜ «ወደ ቤትሽ» ያለው ትዝ አለኝ። ዘይቱን እስከ ምልክቱ ቀነስኩት፣ መፍሰሱም ቆመ። አባቴ ሳቀና «አየሽ? ማሽንም ካልተቆጡት አይሠራም» አለ። እኔ ፈሪዋ ሞተሩን ላስነሳ ዞርኩ።

ሦስት ሳምንት አላስቀምጥ አላስቆም አለኝ። በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ሄድኩ፤ ከመናኸሪያ ጋሪ ይዤ ወደ በያጁ ሱቅ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የብየዳ ማሽኑ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ወለሉ ላይ አሻራው ብቻ ቀርቷል።

«ሸጥኩት» አሉኝ። «ወዳጄ ያየብኝን ሌላ ሰው ሳያይብኝ ብዬ።»

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከመቀመጫቸው ቀና አሉ።

«ብየዳው ይዞ ነበር?»

«ይዞ ነበር።»

መነጽራቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ አገላበጡት። «እንኳን ነገርሽኝ። ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪው፤ ማሽኑን ይቀማሻል። እኔ ጠግቤ ሠርቻለሁ፣ አንቺ ገና መጀመርሽ ነው።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እፎይ አልኩ። በዚያች እፎይታ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በያጁ አምና አረፉ። ከቀብር ስንመለስ አባቴ በከዘራው እየተደገፈ ከጎኔ ይሄዳል። «ደግ ሰው ነበር» አለ። «መጨረሻ ላይ ዓይኑ ከዳው እንጂ።» ማሽኑ ያኔ በእጄ ከገባ ቆይቷል፤ ማንም ወደ ቤት አይመልሰኝም። አፌን ከፈትኩ። አባቴ እንባውን በጋቢው ጠረገ፣ እኔም መልሼ ዘጋሁት።

ያ ብየዳ አንድም ቀን አላፈሰሰም። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሳላስነሳ ታንከሩ ሥር እጄን አስገብቼ እዳስሰዋለሁ። ደረቅ ነው።