ዋሴ ፖላንድ ነው ያለው

ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። ላፕቶፔን ከፍቼ ቁጭ ከማለቴ በሩ ተንኳኳ... ስከፍት የሰፈራችን ጥበቃ ኃላፊ ጋሽ ይማም ቆመዋል። አጠገባቸው ክላሽ ያነገተ ጎረምሳ፣ ከኋላ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ መምህር ደምሴ። መምህሩን ሳይ ልቤ ስንጥቅ አለ። ለምን ይዘዋቸው እንደመጡ ወዲያው ገባኝ።

ጊዜው ጦርነቱ ወደ ወልድያ የተጠጋበት ነው። ከተማችን መርሳ በተፈናቃይ ተጨናንቃ፣ አስፋልቱ ላይ ቀን ከሌት መኪና ይተምማል። እኔ ደግሞ ፎቅ ላይ፣ አስፋልቱን ቁልቁል የሚያይ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ በየቀኑ በእንግሊዝኛ አወራለሁ። ኔትወርክ የሚሻለው እዚያ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም... ግን አሁን ሳስበው እኔም ብሆን ራሴን እጠረጥር ነበር።

«አብሽር ኑሩ፣ ለጥያቄ ነው» አሉ ጋሽ ይማም እየተቀመጡ። የጎረምሳው ፊት ግን አብሽር የሚል አልነበረም።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ለውጭ ድርጅት የኮምፒውተር ፕሮግራም እሠራለሁ።»

«ቢሮው የት ነው?»

«ቢሮ የለውም።»

«ቢሮ የሌለው መሥሪያ ቤት ደግሞ እንዴት ያለ ነው?»

«ሁላችንም በየቤታችን ሆነን ነው የምንሠራው። አንዷ ብራዚል ናት፣ አንዱ ፊሊፒንስ፣ አለቃዬ ፖላንድ...»

«አለቃህን አይተኸው ታውቃለህ?»

«በአካል እንኳን... አላየሁትም።»

«ከሌሎቹስ ያየኸው አለ?»

«የለም።»

ወላሂ የምናገረው እውነት ነው። ግን ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት ውሸት ይለኛል። መምህር ደምሴ መሬት መሬት ያያሉ። በዚያ ሰሞን ሰላይ ነው የተባለን ሰው ነገሩ እስኪጣራ የሚታገሠው አልነበረም። ስሙ አንዴ ሰፈር ውስጥ ከወጣ በቃ። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ።

«እሺ፣ ሥራውን የሚያውቅልህ ዋስ ጥራ» አሉኝ ጋሽ ይማም።

ማንን ልጥራ? እናቴ ስለ ሥራዬ የምታውቀው «ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ ይውላል» የሚለውን ነው። ሥራዬን የሚያውቁልኝ ሰዎች ያሉት ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው።

«ስብሰባችን አሁን ነው። ቁጭ ብላችሁ ስሙት፣ መምህር ያስተርጉሙ» አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር...

ማዳመጫውን ነቅዬ ድምፁን ለቀቅኩት። የአለቃዬ የማሬክ ፊት ብቅ አለ፣ ከዚያ ሉዊዛ ከብራዚል፣ ከዚያ አርኔል ከፊሊፒንስ። አጠገቤ ያሉት ሰዎች በካሜራው አይታዩም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቢሮ ስለሌለን ስብሰባ ስንጀምር አንድ ልማድ አለን። ሁሉም በየተራ ከመስኮቱ የሚታየውን ይናገራል። አንድ ቤት ውስጥ ያለን እንዲመስለን ነው። ከድንጋጤ ብዛት ይህን ጨርሶ ረስቼው ነበር።

ሉዊዛ መንገድ መሃል ስለተኛ ውሻ አወራች። አርኔል ልብሱን አስጥቶ ዝናብ እንደመታበት ነገረን። መምህር በሹክሹክታ ይተረጉማሉ፣ ጋሽ ይማም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ማሬክ ወደ እኔ ዞረ... የሆነ ነገር ጠየቀኝ። መምህር ደምሴ ይህን አልተረጎሙትም።

«ምን አለው?» አሉ ጋሽ ይማም።

መምህር እኔን አዩኝ።

«ከመስኮትህ ምን ይታያል ነው የሚለው። ባለፈው ሳምንት መኪና በዝቷል ብለኸን ነበር፣ አሁንስ ይለዋል።»

ጎረምሳው ክላሹን ከትከሻው አወረደው። በዚያው ቅጽበት ከሥር ከባድ መኪኖች ሲያልፉ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«የምን መኪና ነው የነገርከው?»

«የተፈናቃይ ነው ጋሽ ይማም፣ ወላሂ የተፈናቃይ...»

«አንተ ዝም በል። መምህር፣ ሰውየውን ራሱን ጠይቁት።»

መምህር ጎንበስ ብለው፣ ክፍል ውስጥ በሚያስተምሩበት ድምፅ፣ ቃል በቃል እየለያዩ ጠየቁት። ማሬክ ደነገጠ። መነጽሩን አወለቀ፣ አሰበ... በአካል አይቶኝ የማያውቅ ሰው፣ ባለፈው ሳምንት ያወራሁትን በማስታወሱና ባለማስታወሱ ላይ ነው ነፍሴ የተንጠለጠለችው። ፈራሁ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ፍራሽ የጫኑ መኪኖች ነው ያለን» አለ ማሬክ። «ፍራሹ ላይ ልጆች ተቀምጠው። ዶሮ የታቀፉ አሮጊትም አሉ ብሎን ነበር።»

ሉዊዛ ቀጠለች። «እኚያን እናት ሳስባቸው ነው የሰነበትኩት። የት ደረሱ?»

መምህር ይህንንም ተረጎሙት። ጋሽ ይማም ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ።

«የት ደረሱ ነው ያለች?»

«አዎ።»

«እኛ ጋ ናቸው በሏት። መርሳ እንግዳ የማታሳድር እንዳይመስላት።»

መምህር ነገሯት። ጎረምሳው ክላሹን መልሶ አነገተው። እኔ እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም።

ጋሽ ይማም ግን ሥራቸውን አልጨረሱም። ተነሥተው ጠረጴዛዬን በገዛ እጃቸው እየገፉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞሩልኝ።

«ሥራህን ሥራ። መስኮቱ ግን ይቅርብህ።»

«ኔትወርኩ እዚህ ጋ ደካማ ነው ጋሽ ይማም...»

«ቀስ ብሎ ይምጣ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ማሬክ እንደ ልማዱ ምን እንደሚታየኝ ጠየቀኝ። «ግድግዳ» አልኩት። ቀልድ መስሏቸው ሁሉም ሳቁ... እኔ ግን ግድግዳ ማየት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።