የካቶሊኮች ቦኖ

ከዳባት ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት መንደር፣ ምንጭ አጎልብተን የሠራነው ቦኖ በተከፈተበት ቀን ውሃው ሲፈስ ዋለ፤ የሚቀዳው ግን ጠፋ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ራቅ ብለው ቆመዋል። ገንዘቡ በውጭ አገር ካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን የተዋጣ መሆኑን ሰምተው፣ «የካቶሊክ ውሃ ጠጥተን ሃይማኖት ልንለውጥ ነው?» ይባባላሉ።

ደሞዝ የሚከፍለኝ ፕሮጀክቱ ቢሆንም እኔም እንደነሱ ኦርቶዶክስ ነኝ። አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ ቧንቧውን እዘጋና መልሼ እከፍታለሁ። በመጨረሻ ደሜ ፈላ።

«ይኼ እኮ ምጽዋት ነው! እናንተ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ እንደምትጥሉት ሁሉ፣ እነሱም ቅዳሴ ላይ ያላቸውን ጣል ጣል አድርገው ነው የላኩት። ደግሞስ ውሃ ምን ሃይማኖት አለው?» ብዬ ጮህኩ።

አንዲት ባልቴት ቀረብ አሉኝና «እሱስ ልክ ነህ፣ ልጄ» አሉ በእርጋታ። «እኛም እኮ ከጠዋት ጀምሮ አንተ እስክትጠጣ ነው የምንጠብቀው።»

እጄን አየሁት። ከደባርቅ ገዝቼ ይዤው የመጣሁት የታሸገ ውሃ ተጋምሷል።