አዴ ጫልቱ የሚያመሰግኗት እግሬ

ዝናቡ ገና አላባራም ነበር... የሚያፈሰውን የሱቄን ጣሪያ ልጠግን ቆርቆሮው ላይ እንደወጣሁ አንሸራተተኝና ቁልቁል ወረድኩ። ስነቃ ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች የኔ አልመስል ብሏል።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ነቀምቴን «ለቀምት» እያልን በምንጠራበት ዘመን። ያኔ ከጉራጌ አገር መጥቼ ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ የምሸጥ ጎረምሳ ነበርኩ። ከጉቴ በበቅሎ የመጣው ወጌሻ አጥንቴን አገጣጥሞ በቀርከሃ ጠፍንጎ አሰረኝ። «ለመስቀል አገሬ እገባለሁ?» ብዬ ብጠይቀው ወጥቶ የበቅሎውን ኮርቻ ማጥበቅ ጀመረ።

መስቀል ለኛ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት ሱቅ የሚጠብቅልኝ አጥቼ ቀርቻለሁ። እናቴም በአገር ሰው በኩል ልካብኛለች፦ «ዘንድሮም ከቀረ ሞቷል ብዬ ለቅሶ እቀመጣለሁ።» አታደርገውም እንዳልል... እናቴን አውቃታለሁ። ታደርገዋለች።

ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ያከራዩኝ አዴ ጫልቱ ነበሩ። «አዴ» እዚያ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ አክብሮት ነው። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ እሑድ እሑድ ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ከወደቅኩ ጀምሮ የሚያበሉኝ እሳቸው ናቸው።

ለተሰበረ አጥንት ወለጋ ውስጥ የሚታዘዘው አንጮቴ ነው። ከመሬት የሚቆፈር ሥራሥር ነው፤ ቀቅለው፣ ልጠው፣ ቀጥቅጠው በቅቤ ያርሱታል። ሽታው ገና ከጓዳ ሲመጣ ሆዴ ይጮሃል። ግን ዝም ብሎ መብላት የለም... መጀመሪያ ምስጋና።

አዴ ጫልቱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጡና በብርድ ልብሱ ላይ እጃቸውን እግሬ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ ይጨፍናሉ። «ዋቃዮ፣ ጌታ ሆይ፣ ስለዚች እግር ተመስገን። ዛሬም አቆየሃት...» ቅቤው እየረጋ ጸሎቱ ይቀጥላል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ... እጃቸው የሚያርፈው ግራዋ ላይ ነው። ደህናዋ ላይ!

«ቤቱ ጨለማ ነው፣ ዓይናቸውም አንድ ነው፣ ተሳስተው ነው» ብዬ አለፍኩት። በማግስቱም ግራዋ። በሳልስቱም ግራዋ። አንድ ቀን እያቃሰትኩ የተሰበረችውን ወደሳቸው ገፋኋት፤ እጃቸው ዞሮ ሄዶ ግራዋን አገኛት። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ የሳቸውን ዓይነት ጸሎት አላውቅም። ግን እንዲያ ሲጨንቅ የሰው ምርቃት ሁሉ መድኃኒት ነው፤ የኔ መድኃኒት ደግሞ በየቀኑ ጎረቤት ቤት እየገባ ነው። መስቀል ደግሞ እየቀረበ ነው።

መጨረሻ ላይ አልቻልኩም።

«አዴ ጫልቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... የተሰበረችው እኮ ይቺ ናት!»

ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «አውቃለሁ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወጌሻው ሲያስርህ የያዝኩህ እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ?»

«የተሰበረችውንማ አንተ ቀንም ሌትም ታስባታለህ። ይቺን ማን አስቧት ያውቃል? ነገ ስትነሳ አንተንም እህቷንም የምትሸከመው እሷ ናት።» የጠፋውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። «ይሄ ሲጠፋ ዓመት ሙሉ አለቀስኩለት። በቀረው ምንም ሳላይበት ዓመቱ አለፈ። በል አሁን ብላ... ሱታ፣ ቀስ ብለህ።»

እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ በልቼ አላውቅም። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ፣ በሩን በሩን እያየሁ፣ አንዱን ጉርሻ ሳልውጥ ሌላ። ምሳህ ምን ነበር ብትሉኝ አላውቅም።

ያን ቀን ግን አንዷን ጉርሻ አፌ ውስጥ ያዝ አደረግኳት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ጉሙ በመስኮት ገብቶ አልጋዬ አጠገብ ቆሟል... መጀመሪያ ቅቤው ቀለጠ። ቀጥሎ ትንሽ መረር ያለ፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ነገር መጣ። ሙቀቱ በጉሮሮዬ ወረደ፣ ሆዴ ገባ፤ ስከተለው፣ ስከተለው... ግራ እግሬ ድረስ የዘለቀ መሰለኝ። እዚያ ነበረች። ሞቃ፣ ተዘርግታ፣ ምንም ሳታማርር። እግር እንዳለኝ የማውቀው ሲያመኝ ብቻ ነበር ለካ። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እኔው ራሴ አመሰግናት ጀመር። እሷን ስጨርስ ክንዶቼን፣ ቀጥሎ ጥርሶቼን... መሀል ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። አንዳንዴ በሕልሜ ግራ እግሬ ብቻዋን ገበያ ወጥታ ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ሲላት አያለሁ።

መስከረም ጠባ። ቀኟ አሁንም መሬት አትረግጥም። አዴ ጫልቱ በአንድ በኩል፣ ምርኩዜ በሌላ በኩል፣ በግራዋ ተነሳሁ። ተንቀጠቀጠች... ተንቀጠቀጠችና ቆመች። መስቀል ሊደርስ ሲል የሱቁን ቁልፍ ለአዴ ጫልቱ ትቼ እያነከስኩ አውቶብስ ላይ ወጣሁ።

መውደቄን በአገር ሰው በኩል ሰምታ የነበረችው እናቴ ገና ከሩቅ ስታየኝ እልል አለች። ጎረቤቱም ተከትሏት ወጣ። የታሰረችውን እግሬን ስታይ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ እሷን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች።

«አዶት» አልኳት፤ በኛ እናቴ ማለት ነው። «ያቺን ተያት። ይቺኛዋን ሳሚልኝ... እዚህ ያደረሰችኝ እሷ ናት።»

እናቴ እንባዋን ጠረገች፣ ደህናዋን እግሬን ትክ ብላ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች። «ወደቀ ስትሉኝ እግሩን ብቻ ነው ያላችሁኝ... ጭንቅላቱንስ ወጌሻው አይቶለታል?» አለችና ጎንበስ ብላ ሳመቻት።