«ጠራኝ» የምትለዋ ቃል

ጴንጤ ቤት ነው ያደግሁት። እኛ ቤት «ጌታ ተናገረኝ» ማለት «ጎረቤት ደወለችልኝ» እንደማለት ነው፤ ማንም አይገረምም። ለአእምሮ ሐኪምነት ስማር መምህሬ፣ አማኝ እንዲህ ሲል ቸኩለን «የሌለ ድምፅ ይሰማዋል» ብለን እንዳንጽፍ አስጠነቀቀን። እኔን! ስቄ ነበር።

ገርጂ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ ጠዋት፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት በሴት ልጃቸው ተደግፈው መጡ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ። «እንዴት ነዎት፣ እማማ?» ስላቸው ፈገግ አሉ።

«ደኅና ነኝ፤ ጌታ ጠርቶኛል።»

እኔም እንደ አዋቂ «አሜን!» አልኩ። ጡረታ ወጥተው «ጌታ ጠራኝ» ብለው አገልግሎት የጀመሩ ስንት እናቶች ዐውቃለሁ! ካርዳቸው ላይ «እምነታቸው ያጽናናቸዋል» ብዬ ጻፍኩና ለሳምንት ቀጠርኳቸው። ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔ ደግሞ መቼም መቸኮል አይለቀኝም።

ከሰዓት ለተጨማሪ ትምህርት ወደ መገናኛ ታክሲ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ስልክ ታወራለች፦ «አዎ፣ ትናንት ጌታ ጠራት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ክው አልኩ። አንቺ ደደብ! አልኩ ለራሴ። ወዴት እንደጠራቸው መች ጠየቅሽ? መሞት ያስብ እንደሆነ ያዘነን ሰው መጠየቅ እኮ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ነው። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ «አሁን ተሳፍረሽ?» ብሎ አጉረመረመ። ወርጄ ልጃቸው ጋ ደወልኩ።

«እማዬን ቤት አድርሼ ሥራ ገባሁ። ብቻዋን ናት። ምነው ዶክተር?»

ምን ልበላት? «ቶሎ ነይ፤ እኔም እየሄድኩ ነው» አልኳት። የሚኖሩበትን ኮንዶሚኒየም ብሎክና ፎቅ ነገረችኝ።

አራተኛ ፎቅ ድረስ ሮጥኩ። ደረጃው አያልቅም። ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ። በሩን ደበደብኩ። በሁለት እጄ ደበደብኩ። ቆይቶ ቆይቶ ተከፈተ።

ነጭ ለብሰዋል። ሶፋው ላይ ልብሳቸው ሁሉ ታጥፎ ተደርድሯል፤ በያንዳንዱ ላይ የሚወስደው ልጅ ስም ተጽፎ ተቀምጧል።

«እማማ» አልኩ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ፣ «ጌታ ወዴት ነው የጠራዎት?»

ትክ ብለው አዩኝ። «ባለቤቴ ጋ ነዋ። ዛሬ ልሄድ ነበር።»

እጃቸውን ያዝኩ። አላስለቀቁኝም።

«ለስንቱ ተናገርኩ መሰለሽ፣ ልጄ» አሉ። «ሁሉም እንኳን ደስ ያለዎት አሉኝ።»