ሚጢጢን አጥብቼ ከቤት ተባረርኩ

ባለፈው ቅዳሜ ስቶክዌል ሰፈር አንድ ሰርግ ላይ አክስቴ አልማዝ ጠረጴዛውን ሙሉ አሳቀችው። «ይቺ የወንድሜ ልጅ፣ በወጣትነቷ ለአሳማ ብላ ቤቴን ጥላ የሄደች ናት!» አለች፣ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ። እኔ አልሳቅኩም። ጥዬ አልሄድኩም፤ ተባርሬ ነው።

ነገሩ የሆነው እንግሊዝ አገር ከመጣሁ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ሥራ የሚያፈላልጉልን ሰዎች «ቋንቋሽ እንዲፈታ ቮለንቲር አድርጊ፣ በነፃ ሥሪ» ብለው፣ የከተማ ልጆች ከብት እንዲያዩ ወደተከፈተች ትንሽ እርሻ ላኩኝ። ባቡር ሐዲድ ሥር የተወሸቀች፣ በብርዱ ወራት ጭቃዋ ቦቲ የሚያወልቅ ቦታ ነበረች። ፍየል ወይ ዶሮ ይሰጡኛል ስል፣ ኃላፊዋ ጆይስ በፎጣ የተጠቀለለች ግልገል አሳማ አስታቀፈችኝ። ከሁሉም የቀነጨረች ስለነበረች እናቷ ገፍታታለች። «ካልጠባች ትሞታለች» አለችኝ ጆይስ።

እኔም እንደ ብዙዎቻችን የአሳማ ስም ሲነሳ እንትፍ የምል ነበርኩ። ጡጦውን አፏ ላይ ሳደርገው ግን ዓይኗን ጨፍና ሳበችው፤ ሆዷ መዳፌ ላይ ሲሞቅ ታወቀኝ። ምን ላድርግ? ሚጢጢ አልኳት። ደግሞ ሰው እንደሚያወራው አትሸትም ነበር። ወተትና ገለባ፣ ወተትና ገለባ ነው የምትለው።

ልብሴን እዚያው ለውጬ ነበር ወደ አክስቴ ቤት የምመለሰው። እሷ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰማች። ከዚያ ወዲያ ሳህኔና ብርጭቆዬ ተለየ። ከሶፋው ስነሳ የተቀመጥኩበትን በበረኪና ትወለውላለች። አንድ እሑድ ከሰዓት የጸሎት ሰዎች ይዛ መጣች። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው፣ አንገቴ እስኪታመም ወደ ኋላ እየገፉ «ሌጌዎን፣ ውጣ!» እያሉ ጮኹ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «በመጽሐፉ እኮ አጋንንቱ ሰፍረውባቸው ባሕር ገብተው የሰመጡት አሳማዎቹ ናቸው። እነሱ ምን አጠፉ?»

ጸሎቱ ቆመ።

«ደግሞ ትመልሳለች!» አለች አክስቴ። «ከእሪያዋና ከእኔ ምረጪ። አሁን!»

ሚጢጢ በማግስቱ ጠዋት ጡጦዋን ትጠብቃለች። «ነገ እሄዳለሁ፤ ካልሄድኩ ትሞታለች» አልኳት አክስቴን። ሻንጣዬን ኮሪደሩ ላይ ወረወረችና በሩን ዘጋችው። ከጸሎት ሰዎቹ አንድም ሰው፣ አንድም፣ «ኧረ ይቺ ልጅ የት ትደር?» አላለም።

ሆሎዌይ ሰፈር የምትኖረው ዘይነባ የእንግሊዝኛ ክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ደጇ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ሙስሊም ናትና፣ ፊቷ ሲጠቁር ሳይ በቃ አለቀልኝ አልኩ።

«ጫማሽን ውጭ ተዪው» አለች። «መጀመሪያ ሻወር። እኔን እንዳትነኪኝ!» በሩን ግን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

እዚያው ከረምኩ። የሚጢጢን ስም አንድ ቀን ጠርታ አታውቅም፤ ማታ ማታ ምስር ወጥ እያቀረበች፣ ፊቷን እንዳኮሳተረች፣ «ያ ነገርዬ በላ?» ትለኝ ነበር።

በላች፤ አደገችም። ዛፉ ሁሉ ሲያብብ ለማንሳት ከብዳኝ ነበር፤ ከዚያም በበጋው አንድ ቀን መኖ ይዤ ስገባ ጭቃ ላይ ገፍትራ ጣለችኝና ባልዲው ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች። ጆይስ በሳቅ ሞተች፤ እኔም አልተቀየምኩም። ከአሳማ ውለታ አልጠበቅኩም። ከሥጋ ዘመዴ ግን ርኅራኄ ጠብቄ ነበር።

ትናንት አክስቴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራትና ላስተረጉምላት ወሰድኳት። አውቶቡስ ውስጥ ክንዴን ይዛ «ቂም የማታውቂ ልጅ ነሽ፣ ተባረኪ» አለችኝ።

«ቂምስ አውቃለሁ፣ አክስቴ» አልኳት።

ወደ መስኮቱ ዞረች። ወጣት ሳለሁ ሰውን መርዳትና ይቅር ማለት አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። መውረጃችን ሲደርስ እንዳትወድቅ ወገቧን ደግፌ አወረድኳት፤ ይቅር ግን አላልኳትም።